እማማ ዞያ ለሁለት እንግዶች የዘፈነችው

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

ዛሬ ከአሮጊት ጋር ተጣላሁ። ሥራዬ አዛውንቶችን ከየአፓርትመንታቸው ለቅሜ በቫን ወደ ቀን መዋያቸው ማድረስ ነው፤ መጣላት አይደለም። ግን ቫለንቲና ፔትሮቭና ሌክ ሲቲ ዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለን ማንጎራጎር ጀመረች። ጆሮዬን አላመንኩም። የእማማ ዞያ ዘፈን ነው።

«ይህን ዘፈን ማን እንደሠራው ያውቃሉ?» አልኳት በሩሲያኛ።

«ማንም አልሠራውም፣ ሳሻ። የሕዝብ ነው።» ሳህሌ ማለት አልሆንላት ብሎ ሳሻ ነው የምትለኝ።

«ሰው ነው የሠራው። ዞያ ማትቬየቭና ላድኪና ትባላለች። ቤቷ ተቀምጬ ድንቿን በልቻለሁ።»

«አያቴ ትዘፍነው ነበር» አለች።

አያቷ ልትዘፍነው አትችልም። ዘፈኑ የወጣው እኔ ዞያ ቤት ሳለሁ ነው። ይህንኑ ስነግራት አኩርፋ መስኮቱን ታይ ጀመር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል፤ ከኋላ ጡሩምባ አቀለጡብኝ።

ከእራት በኋላ። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለኝ፣ ልጻፈው። ለማን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም፣ ባለቤቴ የምሥራች ደግሞ ሰምታ ጠግባዋለች።

ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ ከተማ የእርሻ መሣሪያ ስንማር በየመኸሩ ተማሪውን ሁሉ ለድንች ለቀማ ወደ ጋራ እርሻዎቹ ይልኩት ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት እኔና የክፍል ጓደኛዬ ወንዳፍራሽ ማላያ ሊፖቭካ የምትባል መንደር ደረሰን፤ ማደሪያችን ዞያ ቤት ሆነ። ዞያ ላም አላቢ ናት። ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ማታ በመንደሩ ክበብ አኮርዲዮን ትጫወታለች፣ ዘፈኖቿን የምትሠራው ግን በረት ውስጥ ነው። አዲስ ዘፈን ስታወጣ መጀመሪያ ለላሚቱ ትዘፍንላታለች። ላሚቱ ወተቷን ከለቀቀች ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ከያዘች ይጣላል። ሬድዮው ዘፈኖቿን ሲያሰማ «ግጥምና ዜማ የሕዝብ» ነበር የሚለው። እሷ ትስቃለች እንጂ አትከፋም። «ሕዝቡ እኔ ነኛ» ትላለች።

እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ አልተማርኩም። ወተት ይዛ ስትገባ ብድግ፣ እንጨት ይዛ ስትገባ ብድግ። ኖር ማለትም ያምረኝ ነበር፣ በእግዜር የሚል የለም እንጂ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ሳምንት ሳይሞላ ይህን አወጣች፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፦

ስገባ ትነሳለህ፣ ስወጣ ትነሳለህ፣
የኔ አግዳሚ ወንበር እሾህ ሆነብህ ወይ?
ቁጭ በል የኔ እንግዳ፣ እኔ አለቃ አይደለሁ፣
ላም አላቢ ነኝ እንጂ፣ ወተት ትጠጣለህ ወይ?

«ወይ»ን በ«ወይ» ቤት ማስመታት የሰነፍ ሥራ ነው፤ አስተካክለዋለሁ። እንግዳው ግን እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አላወራሁም። ካወራሁም ለየምሥራች ብቻ ነው፣ ደጋግሜ።

ሴፕቴምበር 23፣ ማክሰኞ

ቫለንቲና ታረቀችኝ። ታረቀችኝ ብቻም አይደለም፣ የእኔን ነገር ለሩሲያውያኑ ዘፈን ቡድን መሪ ነግራዋለች። ኪሪል ይባላል። በኖቬምበር ካፒቶል ሂል አዳራሽ ተከራይተው የዘፈን ምሽት ያደርጋሉ፤ የዘንድሮው የዞያ ምሽት ቢሆንስ እያለ ነው። ዞያ ብትኖር መቶ ዓመቷ ነበር። ያወቃት ሰው ስለ እሷ ቢናገር ይፈልጋል።

ያወቃት ሰው እኔ ነኝ።

የምሥራች «ግራጫውን ኮት ነው የምትለብሰው?» አለችኝ። ገና ሁለት ወር ገደማ ይቀረዋል አልኳት። ግራጫው ነው ግን።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ኪሪል ኮል አደረገ። በጣም ትሑት ልጅ ነው። ሩሲያኛዬን አደነቀ። ከመስታወት ፊት ቆሜ ንግግሬን ለመድኩት። ቁመቴ አጠረብኝ እንጂ ጥሩ ነው።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ነገር ተበላሸ።

ለቫኑ ነዳጅ እየሞላሁ ሳለ ኪሪል ደወለ። «እንዴት ያለ ነገር አገኘሁ መሰለህ» አለኝ። አንድ ኢትዮጵያዊ ስካይዌይ ሠርግ ላይ የዞያን ዘፈን በአማርኛም በሩሲያኛም ሲዘፍነው የሚያሳይ ቪዲዮ ሰው ልኮለታል። ድምፁ፣ አለ፣ ድምፁ። «ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሪዝ ያለው። ታውቀው ይሆን?»

ወንዳፍራሽ ነው። ሌላ ማን ይሆናል። ስካይዌይና ሬንተን ያለውን ሐበሻ ግማሹን ቤት ያስገዛ ደላላ እሱ ነው፤ ፎቶው በየሱቁ ግድግዳ በካላንደር ላይ ይስቃል። ጥቅምትን ለማየት የእሱን ጥርስ ማየት ግድ ነው።

«በመጠኑ አውቀዋለሁ» አልኩት።

እንደ መደብ በሚተኛበት በአንድ የሩሲያ ምድጃ ላይ አብሬው አድሬአለሁ።

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ቪዲዮውን አየሁት። እንደገናም አየሁት።

ድምፁ ያምራል። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፣ ጻፍኩት። ሩሲያኛው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ዘፍኖ ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይህ ዘፈን የተዘፈነው ለእኔ ነው፣ ስትገባ ስትወጣ ብድግ የምለው እንግዳ እኔ ነበርኩ» አለ። ሠርገኛው አጨበጨበ። ስሜን እጠብቃለሁ፣ ስሜን እጠብቃለሁ፣ ቪዲዮው አለቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

ለየምሥራች አሳየኋት።

«እሱስ አይነሳም ነበር?» አለች።

«ይነሳ ነበር። ግን እኔን አይቶ ነው የሚነሳው።»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ የማይል የሐበሻ ልጅ የት አለ? ሴትዮዋ ቤት ሃያ ሐበሻ ቢመደብ ሃያውም እንግዳው እኔ ነኝ ባይ ነው የሚሆነው።»

ከእሷ ጋር ክርክር አልገጥምም። ፓስታ አቀረበች፣ በላሁ። ጨው በዝቶበታል።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ካፒቶል ሂል አንድ ካፌ ኪሪልን አገኘሁት። ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር አርፍጄ፣ ላብ በላብ ሆኜ ገባሁ።

ልጁ አይኑን ከስኒው ላይ ሳያነሳ ተናገረ። ሰው የሚመጣው ዘፈን ሊሰማ ነው አለ። ሶ፣ ወንዳፍራሽ ይዘፍናል፣ እግረ መንገዱንም ስለ ዞያ ይናገራል። እኔ ደግሞ የሕይወት ታሪኳን ብጽፍለት፣ በር ላይ በሚታደለው ወረቀት ላይ ይወጣል። «ከአንተ በላይ የሚያውቃት የለም» አለኝ።

እኮ። ከእኔ በላይ የሚያውቃት ከሌለ መድረኩ ላይ የሚወጣው ማነው?

«ጥሩ ነው፣ ኦኬ» ብዬው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቆየሁ። ቅናት አይደለም። እውነት ቦታዋን ትያዝ ነው የምለው።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ወንዳፍራሽ ደወለ።

«ሳህልዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህ? የምሥራች እንዴት ናት? ስማ፣ ይህ ኪሪል የሚሉት ልጅ አገኘኝ። ስለ ዞያ ነገሩን ያነሳህለት አንተ ነህ አሉ። እኔም ብዬ ነበር፣ ከሳህሌ ሌላ ማን ያስታውሳታል።»

«እህ» አልኩ።

«ሶ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያ የመጨረሻው ማታ የዘፈነችልን፣ ስለ ማንኪያው የሚለው ቨርስ ጠፋብኝ። ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፣ ያለው የወታደር ነገር ነው። ያንተ ጭንቅላት ደግሞ ቤተ መዛግብት ነው። ቴክስት አድርግልኝማ።»

«እልክልሃለሁ፣ አሁን ግን ችኮላ ላይ ነኝ» አልኩት። ቫኑን ፓርክ አድርጌ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ማታ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልንመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረን ወንዳፍራሽን ትኩሳት ጣለው። ዞያ ጡብ ምድጃው ላይ አስተኛችው። ያን ሰሞን ሬድዮው የሀገራችንን ረሃብ ያወራ ነበርና፣ ልጁ እጄ ላይ በረሃብ ሊሞት ነው ብላ የዶሮ ሾርባ ሠራች። ለበሽተኛ አፍ የእንጨት ይሻላል ብላ የባሏን ማንኪያ ከሣጥን አወጣች። ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አልበላም ይላል፣ በእናትህ እለዋለሁ፣ አንድ ጉርሻ፤ እንደገና በእናትህ። የእኔ ሾርባ ቀዘቀዘ፣ ሳልበላ ተኛሁ። እሷ በሩ ሥር ወንበር ላይ ሆና ስታየን ነበር። በመጨረሻው ማታ አኮርዲዮኗን አንስታ ከዘፈኑ ሥር ይህን ጨመረችበት፦

ሁለት ሆነው መጡ፣ አንድ ማንኪያ ሰጠሁ፣
አንዱ አንዱን አጉርሶ እሱ ጦሙን አደረ።
የጎረሰው ሄደ፣ ያጎረሰው ሄደ፣
ማንኪያዬ ብቻውን ገበታው ላይ ቀረ።

በማግስቱ አውቶቡስ መጥቶ ወሰደን። ክበቡ ውስጥ የሚዘፍኑት ሴቶች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ኋላ አንዱ የወታደር ስንኝ ቀጥሎበት በዚያው ተዛመተ። ይህችን የሰማናት እኔና ወንዳፍራሽ ብቻ ነን። እሱ ከረሳት እንግዲህ በዓለም ላይ ያለችው እኔ ዘንድ ነው።

ያጎረሰው እኔ ነኝ። ግልጽ ነው። ስለ እኔ ነው የዘፈነችው።

ነገ እልክለታለሁ።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

አልላክሁም። ዝናብ፣ ትራፊክ፣ አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ረስቶ ወደ ኋላ ተመለስን። ነገ።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

የስልኬ የሩሲያኛ ፊደል የት እንደገባ ጠፋኝ። በአማርኛ ፊደል ብጽፍለት ደግሞ እሱ እንዳነበበው ያበላሸዋል።

የሕይወት ታሪኳን ግን ለኪሪል ጽፌ ላክሁ። በረቱን ጻፍኩ፣ ላሚቱን ጻፍኩ፣ «ሕዝቡ እኔ ነኛ» የምትለውንም። ቆንጆ ወጥቶልኛል። ሁለተኛውን አንጓ አልጠቀስኩም፤ ቦታ አልበቃም።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ከወንዳፍራሽ ቴክስት። «ወንድሜ፣ ረሳኸኝ እንዴ?» ከሥሩ የሚስቅ ፊት አድርጎበታል። ከፈትኩት። መክፈቴንም እሱ ያየዋል፤ ይህ ስልክ የሚሉት ነገር የሰው ገበና አይሸፍንም።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሙሉውን ጻፍኩት። የሩሲያኛውን ፊደል አግኝቼዋለሁ፣ ድሮም አልጠፋም ነበር። ሆሄ በሆሄ አስተካክዬ ጻፍኩት። ጣቴ መላኪያው ላይ ደረሰ። ከዚያ ታየኝ፤ ግዙፉ ሰውዬ መድረክ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ድምፁ ማንኪያዋን ሲዘፍናት፣ አሮጊቶቹ መሐረባቸውን ሲያወጡ፣ «ያጎረስኩት እኔ ነበርኩ» ሲል። ይላል እኮ። እንግዳው እኔ ነኝ ያለ ሰው ያን ለማለት ምን ያግደዋል?

አጠፋሁት።

እግዜር ድምፁን ሰጠው። ቁመቱን ሰጠው። ሰው ሁሉ ገና ከበር ወንዳፍራሽ ወንዳፍራሽ ይለዋል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ሰው ፊቱ ይፈታል። እኔ ስገባ ወንበር ይፈልጉልኛል፣ በቃ። ይህችን አንዲት ነገር ለእኔ ቢተዋት ምን ይጎድልበታል? ይጉደልበትም።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

እየዘፈንኩ ከሻወር ስወጣ የምሥራች ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች።

«ያ የማንኪያው ነው?» አለች። «እንዴት ያምራል። ለወንዳፍራሽ ላክህለት?»

«ልልክለት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ልትልክለት ያለኸው?»

ፎጣውን ተቀበልኳት። አሁን ሻወር ውስጥ አልዘፍንም።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ከዚያ ቴክስት ወዲህ ወንዳፍራሽ ዝም ብሏል። አልደወለም፣ አልጻፈም። ኮርቷል። አያስፈልገኝም ማለቱ ነው። ቢያስፈልገው ኖሮ ደግሞ መጠየቅ አይከብደውም ነበር፤ ቤት ሲሸጥ ለሰው በቀን ስንቴ እንደሚደውል አውቃለሁ። እንዲህ ከሆነማ ለምን እልክለታለሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ቫለንቲና ፔትሮቭና የታሪክ ወረቀቱን ኪሪል አስቀድሞ ልኮላት አንብባዋለች። ዛሬ ቫኑ ውስጥ ለሌሎቹ ሁሉ «ዞያ ማትቬየቭና ላድኪና» እያለች ስሟን ሙሉ ትጠራላቸው ነበር፣ እኔ ያልነገርኳት ያህል። ስለ ላሚቱ ስትተርክ አንዱ ሽማግሌ እስኪያስለው ሳቀ። ሴትየዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ዛሬ ሌክ ሲቲ ዌይ ላይ ስሟ ተጠራ። ደስ አለኝ። ለትንሽ ጊዜ ቅናቱ ለቀቀኝ። ቅናት አልኩ እንዴ? ድካሙ ለማለት ነው።

«ሳሻ፣ አንተም ትዘፍናለህ?» አለችኝ።

«ጓደኛዬ ነው የሚዘፍነው።»

«ጓደኛህ ነው? እንዲያ ንገረኝ እንጂ» አለች። ለቀኑ ብላ ቀይ ሻርፕ ገዝታለች፣ አሳየችኝ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

የምሥራች ግራጫውን ኮት አናፈሰችው። ወስኛለሁ። ነገ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጎን ጠርቼ በቃሌ እነግረዋለሁ። አራት መስመር ነው፣ ዜማው አለው፣ ቶሎ ይይዘዋል። ልጅ አይደለሁም።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ትናንትን ልጻፍ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ራሴን አሞኛል። የምሥራች ብቻዋን ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በር ላይ የጻፍኩትን ወረቀት ለእኔም ሰጡኝ፤ ከሥሩ ስሜ አለ፣ በትንሹ። ወንዳፍራሽ ከፊት ቆሟል። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ኪሪል በአንድ ጎን፣ አሮጊቶች በሌላ ጎን ከበውት፣ አንዷ ሪዙን ስትነካለት ሁሉም ይስቃሉ። ገና አንዲት ቃል ሳይዘፍን። አይቶኝ እጁን ከፍ አደረገና ና ና አለኝ። እኔም እጄን ከፍ አደረግሁና ከኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። ሰው ከቦታል፣ እንዴት አድርጌ ልጥራው?

«አትሄድም?» አለች የምሥራች።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

ዘፈን ተዘፈነ። የእሱ ተራ ደረሰ። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ማላያ ሊፖቭካ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጭቃው አወራ፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ድንገት ወደ ኋላ ረድፍ በእጁ አመለከተ። «ያኔ ታምሜ ሳለሁ በዞያ ባል ማንኪያ አጉርሶ ያዳነኝ ሰው እዚያ ተቀምጧል። ሳህሌ፣ ተነስ፣ ይዩህ» አለ። ማንኪያን ወንድ አደረጋት፤ በሩሲያኛ ማንኪያ ሴት ናት። ሰው ዞረ፣ አጨበጨበ። ግማሽ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ጭብጨባው ቶሎ አለቀ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

ዘፈነ። ኪሪል በአኮርዲዮን አጀበው። የመጀመሪያውን አንጓ ሲዘፍን ጸጉሬ ቆመ፣ አልዋሽም። እሷ ራሷ ወተት ይዛ የገባች መሰለኝ። ጨረሰው። አኮርዲዮኑ መሸጋገሪያውን ተጫወተ፣ ወንዳፍራሽ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ኪሪል ዜማውን መለሰለት። ወንዳፍራሽ «ሁለት» አለ፣ «ሁለት ሆነው» አለና ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። በአዳራሹ ካለው ሰው ሁሉ እኔን ብቻ አየ።

አፌ ላይ ነበር። አራቱም መስመር፣ ምላሴ ላይ። ከተቀመጥኩበት ብጀምረው ይቀበለኝ ነበር። የምሥራች ክርኗን ጎኔ ላይ ሰደደችው። እኔ ወረቀቱን አየሁ፣ በእጄ የያዝኩትን፤ የዞያን የትውልድ ዓመት አነበብኩ።

ከፊት ረድፍ ቫለንቲና ፔትሮቭና ተነሣችና የወታደሩን ስንኝ ጀመረችው። ሰውዬው እንዳያፍር ብላ ነው። አጠገቧ ያሉት ተቀበሉ፣ ከዚያ ሁሉም። አዳራሹ በአንድ ድምፅ ያን የወታደር ነገር ዘፈነው፤ ወንዳፍራሽም እየሳቀ፣ እንባውን በእጁ እየጠረገ፣ አብሯቸው ዘፈነ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ውብ ምሽት አይተን አናውቅም ይል ነበር ሲወጣ።

በር ላይ ደረሰብኝ።

«አየኸኝ ሳህልዬ ስዋረድ፣ ስዘፍነው ይመጣልኛል ብዬ» አለኝ። አሁንም ይስቃል። «ወዳንተ አየሁ እኮ።»

«አየሁህ።»

«የኔ ምስኪን። ያኔ ሳትልክልኝ ስትቀር ገብቶኝ ነበር። ለካ አንተም ጠፍቶብህ፣ መናገሩ አሳፍሮህ ነው ብዬ ደግሜ መጠየቁን ተውኩት፣ እንዳላሳቅቅህ።»

የምሥራች አጠገቤ ቆማ የኮቷን ቁልፍ ትቆልፍ ነበር። እጇ ቆመ።

«አዎ» አልኩት። «እኔም ጠፋብኝ።»

«አይዞህ፣ ዕድሜ ነው» አለና ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ። «ምን ይደረጋል። ሴትዮዋን ራሷን ካልረሳናት ይበቃል።» ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ።